የቀረላት አንድ ቃል

እናናዬና ባሏ ትልቁን ጋን ግራና ቀኝ ይዘው ከጓዳ ሲያወጡት ውቢት ከመደቡ ላይ ሆና «እምቢ» አለቻቸው። ያለች መሰላት እንጂ ከአፏ የወጣው ሌላ ነበር። ጎረቤቷ እናናዬ ጋኑን እንደ ያዘች ዘወር ብላ አየቻት።

«እሺ ብላለች፤ አንሣው» አለችው ባሏን።

ውቢት እንደገና ሞከረች። ቃሉ በልቧ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው ቃል ነው። ምላሷ ላይ ስታደርሰው ግን አንድ የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ ጠብቆ የሚለውጥባት ይመስል ሌላ ሆኖ ይወጣል። «እሺ» አለች። ተናደደችና ጮክ ብላ ደገመችው። ያው እሺ ነው። ሦስተኛውን ስትል ጋኑ ከበሩ ወጥቶ ነበር።

ደጃፉ ላይ ቆሞ ዕቃ የሚያስወጣው ታላቅ ወንድሟ አሻግሬ ወደ እሷ መጣና አጎንብሶ ነጠላዋን አስተካከለላት። ጋኑን ለእናናዬ በአደራ እንደ ሰጠላት፣ ስትድን እንደሚመለስላት እያባበለ ነገራት። እሷ ደግሞ ከዚህ ቤት ያለ እሷ ፈቃድ እንኳን ጋን ስንጥር ወጥቶ እንደማያውቅ ልትነግረው ፈለገች። ረጅም ነገር ነበር የተናገረችው፤ በረጅሙ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ሆኖ ወጣ። አሻግሬ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እግዜር ይስጥሽ እቴ። እንዲህ ስትታዘዢ እኔም ይቀለኛል» አላት።

ደባርቅ ላይ ውቢትን የማያውቅ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ከጎንደር አስመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠላ ቤት ከፍታ አንዲት ልጇን ስጦታን ብቻዋን አሳድጋለች። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥተው የሚደርሱ ሹፌሮች መጀመሪያ የሚወርዱት እሷ ደጅ ነበር። ጠላዋ የሚጣፍጠው በአምባራስ ገብስ ስለምትጠምቀው ነው ይባል ነበር። ስሟ የወጣው ግን በጠላዋ ብቻ አልነበረም፤ በእምቢታዋም ነው። የጠገበ ሰው አንድ ጨምሪልኝ ቢላት እምቢ ትላለች። የሰፈር ሹም ለእንግዳ ቤትሽን ልቀቂ ቢላት እምቢ ብላለች። ሁለት ሰዎች ለትዳር ሽማግሌ ቢልኩባት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹን አብልታ፣ አጠጥታ፣ እስከ መንገድ ሸኝታ፣ እምቢ ብላ መልሳቸዋለች። «ሊማሊሞ ይነቃነቃል እንጂ ውቢት አትነቃነቅም» ይሏት ነበር፤ ግማሹ በሐሜት፣ ግማሹም በአድናቆት።

በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ገብስ ልትገዛ አምባራስ ወጥታ ስትመለስ በቅሎዋ ውርጭ ያረጠበው ድንጋይ ላይ ተንሸራተተች። ውቢት የምታስታውሰው የበቅሎዋን ሁለት ጆሮዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለችም። ጭንቅላቷ በግራ በኩል ከቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገባ። አሻግሬ በዚያው አገር ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ነበርና ወሬው ደረሰው። ቃሬዛ አሠራ፣ ሰው ለመነ፤ ሌላው ሲደክም እየተተካ ራሱም ትከሻው እስኪላጥ ተሸክሞ ለመኪና መንገድ አበቃት። ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት ገባች። ዐሥራ ሁለት ቀን ሳትነቃ ቆየች።

ስትነቃ ዓለም ተዘበራርቆ ጠበቃት። አጠገቧ አንድ እጅ ተኝቷል፤ የሌላ ሴት እጅ አልጋዋ ላይ ተረስቶ የቀረ መስሏት በግራዋ ገፋችው። የገዛ ቀኝ እጇ ነበር። ልጇ ስጦታ አንዳንዴ ሁለት ሆና ትታያታለች። አንድ ሰው ረጋ ብሎ ሲያነጋግራት ትሰማለች፤ ሦስት አራት ሆነው ሲያወሩ ግን ንግግሩ እንደ ወፍጮ ድምፅ ይሆንባታል። ጠዋትና ማታ ይምታታባታል። ማንኪያውን ታየዋለች፣ ለምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ስሙን ልትይዘው ስትል እንደ እርጥብ ሳሙና ያመልጣታል።

ከሁሉ ይልቅ ግራ የገባት የሰዎቹ ነገር ነበር። ሾርባውን አልፈልግም ትላቸዋለች፤ ያጎርሷታል። ብርድ ልብሱ ከበደኝ ትላለች፤ ሌላ ይደርቡባታል። ብቻዬን ተዉኝ ስትል ሁለት ሦስት ሆነው ይቀመጡባታል፤ ደግሞ በፈገግታ ነው። ሰዎቹ ወይ ደንቁረዋል ወይ አብደዋል ብላ ደመደመች። ስጦታም አብራቸው ማበዷ አሳዘናት።

ነገሩ የገባት ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ነው። የድሮ ደንበኛዋ የነበረ ሹፌር ሊጠይቃት ገባና እንዴት እንደ ከረመች፣ ተሽሏት እንደ ሆነ ጠየቃት። እሷም እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንደምን ከረምህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ ብላ መለሰችለት። የሰውየው ፊት ልውጥ ሲል አየች። ሹፌሩ ወደ ስጦታ ዞሮ በቀስታ «ሌላ አትናገርም?» አለ። ያን ጊዜ ውቢት የገዛ ድምፅዋን እንደ ባዕድ ሰው ድምፅ አዳመጠችው። እሺ፣ እሺ እሺ፣ እሺ ይላል። ያበዱት እነሱ እንዳልሆኑ ገባት። ቀኑን ሙሉ እህል ሳትቀምስ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ እርስ በርሱ የተያያዘ አልነበረም። አንድ ቀን ሰዎች ተሰብስበዋል፤ በሌላው ቀን ስጦታ ታለቅሳለች፤ ደግሞ አሻግሬ ከዳባት መጥቶ ይቀመጣል። ውቢት ከመካከሉ የያዘችው ይህን ነው። ጎንደር ያከማት ፈረንጅ ሐኪም ሲያሰናብታቸው በአስተርጓሚ የነገራቸው ነገር አለ። አስመራ ውስጥ ጭንቅላት ከፍቶ የሚያክም ሐኪም ይገኛል፤ የተጫናትን አጥንት ቢያነሣው አንደበቷ ሊፈታ ይችላል፤ ላይፈታም ይችላል፤ ከዚያ አልጋ ሳይነሣ የሚቀርም አለ። ራሷን ስታውቅ ጠይቋት፣ እሷ ትወስን ብሏል።

ስጦታ ይህችን ቃል ይዛ ነበር። አንድ ማለዳ ከአጠገቧ ተቀምጣ «እማዬ፣ አስመራ እንሂድ?» አለቻት። ውቢት ፈራች። ስለ ቢላዋው ልትጠይቃት፣ ቆይ እስቲ ልትላት ፈለገች። «እሺ» አለች። ስጦታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻትና በዚያው ቀን ልብሷን አጥባ አሰጣች።

አሻግሬ ደግሞ በራሱ ጊዜ መጣ። እሱ ቤት አጠገብ ከዳባት ወዲያ የኪዳነ ምሕረት ጸበል አለ፤ አንደበቱ የተያዘ ስንቱ ተፈቶበታል። ሁለት ሱባዔ ትጠመቅ፣ ከዚያም ጠላ ቤቱ ተዘግቶ እሱ ዘንድ ትኑር፤ በዚህ ሁኔታዋ ሰካራም መካከል አትቀመጥም፤ የወንድም ቤት እያለ ማን ያስታምማታል? ከልቡ ነበር የሚናገረው። ጸበሉ እንደሚሻላት ሲጠይቃት ለእሱም እሺ አለችው። ሁለቱም እሺታዋን እንደ ምስክር ይዘው ሲጣሉ መካከላቸው ተቀምጣ ታያቸዋለች። እሱ «ለእኔ ብላኛለች» ይላል፤ እሷም «ለእኔ አስቀድማ ብላኛለች» ትላለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ገብረ ክርስቶስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እቤቷ መጡ። አለቃ በአገሩ የተከበሩ፣ ለክፉም ለደግም የሚጠሩ አባት ናቸው። ቤቱ በሰው ሞላ። ውቢት ፊታቸው ተቀመጠች። የሰው ድምፅ ሲበዛ ያ ወፍጮ ጀመራትና ከንፈራቸውን ብቻ ታይ ነበር። አለቃ እጃቸውን አንሥተው ሰውን ጸጥ አሰኙ።

«ልጄ ውቢት፣ አስመራ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እሺ።»

«ወንድምሽ ዘንድ ሄደሽ መጠመቅስ?»

«እሺ።»

አለቃ በመቋሚያቸው ተደግፈው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሞቶ የተቀበረው ባልሽ እኔ ነኝን?» አሏት።

ውቢት አፏን በግራ እጇ ልትይዘው ቃጣች። ዘገየች። «እሺ» አለች። ከበሩ አካባቢ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ስጦታ ተነሥታ ወጣች። አሻግሬ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ፣ «ያቺ እኅቴ አምባራስ ቀርታለች። ይህች አካሏ ናት፤ ባትተርፍ ይሻላት ነበር» አለ። ይህን ሁሉ ያለው እሷ ፊት ነው። ወፍጮው በዚያች ሰዓት ብቻ ቆመላትና እያንዳንዱ ቃል አንድ በአንድ ጆሮዋ ገባ።

አለቃ ፈረዱ። አእምሮዋ እስኪመለስ ድረስ ሥልጣኑ የታላቅ ወንድሟ ይሁን አሉ። ነገር ግን ቁስሏ ገና ስላልደረቀ ቀዝቃዛ ውሃ ከመንካቱ በፊት ዳባት ጤና ጣቢያ ይታይላት ብለው አዘዙ። ለስጦታም አልቅሳ ስለ ለመነቻቸው አብራ እንድትሄድ ፈቀዱላት።

እንግዲህ ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ወይም ውቢት ማክሰኞ ይመስላታል። ጋኑ ወጥቷል። ቤቱ ተቆለፈ። አሻግሬ በቀኝ፣ ስጦታ በግራ ይዘዋት ወደ አውቶብሱ ወሰዷት። ስጦታ አጎቷን አታነጋግረውም፤ አሻግሬም እያየ አያያትም። መንገዱን ሙሉ ውቢት በመስኮቱ የሚያልፈውን ታይ ነበር። የታጨደ ማሳ፣ የገብስ ክምር፣ ከብት የሚነዳ ሰው። ሁሉንም ታውቀዋለች፤ ስማቸው ግን አንዱም ወደ እሷ አልመጣም። ወዴት እንደሚወስዷት ግልጽ ሆኖ ይታያትና ደግሞ ይጠፋባታል። አንድ ጊዜ ወደ አስመራ የሚሄዱ መሰላት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሐኪም ቤት ወደ ቤቷ የሚመልሷት መሰላትና ደስ አላት።

ዳባት ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ወረፋው ረጅም ነበር። ተራቸው ሲደርስ የተቀበላቸው ተክለ ማርያም የሚባል ድሬሰር ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ብዙ ዘመን በጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስለኛ ሲያክም የኖረ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ ሰው። መቀመጫ ሰጣትና ፋሻውን ፈታ። አሻግሬ ከበስተጀርባዋ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ አእምሮዋ እንደሌለ፣ ለሁሉም እሺ እንደምትል ጭምር።

ድሬሰሩ ቁስሉን በጥጥ እየጠረገ «እዚህ ያምዎታል?» አላት።

«እሺ» አለችና እጁን በግራ እጇ ገፋችው።

ተክለ ማርያም እጁን መለሰ። ፊቷን አየና ጥጡን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። «እዚህስ?»

«እሺ።» አልገፋችውም።

ጥጡን አስቀመጠና ወንበሩን ጎትቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እትዬ ውቢት፣ ከእንግዲህ መልስ አይስጡኝ። አፍዎን ይርሱት። ያቀብሉኝ የምለዎትን በዚህ በደህና እጅዎ ብቻ ያቀብሉኝ» አላት። ከመደርደሪያው መቀስ፣ ጥጥ፣ ፋሻና ውሃ ያለበት ጠርሙስ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«መቀስ» ሲል ውቢት ደነገጠች። ያን ስም ሳምንታት ሙሉ ስትፈልገው ነበር፤ ሰው ሲጠራው ግን እጇ አወቀችው። አነሣችና ሰጠችው። ጥጡን አለ፤ ሰጠችው። ቁስል የሚታሰርበትን አለ፤ ፋሻውን ሰጠችው። ከዚያ መቀሱን መልሶ አስቀመጠና በመጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ቀጥላ መቀሱን እንድትሰጠው ነገራት። እዚህ ላይ ተምታታባትና መቀሱን አስቀደመች። ስሕተቷን ራሷ አይታ መለሰችው፤ ጠርሙሱን ሰጠችውና መቀሱን አስከተለች። ላብ አጠመቃት።

ተክለ ማርያም ወደ አሻግሬ ቀና ብሎ፣ «ጦር ሠራዊት ሳለሁ ጭንቅላቱን የተመታ አንድ አሥር አለቃ አስታምሜ ነበር። ምን ቢሉት አቤት ብቻ ነበር የሚለው። እኛም ሞኝ ሆነ ብለን ፊቱ የማይባል ስናወራ ከረምን። ሁሉን ይሰማ ነበር። የተሰበረው በሩ ነው ጌታዬ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ» አለው።

አሻግሬ ቀስ ብሎ ከኋላዋ ዞሮ መጣና እንደ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ከጉልበቷ ፊት ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እቴ፣ እሑድ ዕለት ያልሁትን ሰምተሻል?»

ውቢት አየችው። ትከሻው ላይ ቃሬዛው የላጠው ጠባሳ ከጋቢው ሥር ይታያል። ግራ እጇን ዘረጋችና መዳፏን አፉ ላይ አኖረችው። ይህ ነው፣ በዚህ ነው ያልኸው የምትል ይመስል ጥቂት አቆየችው። አሻግሬ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ዞረና ግንባሩን አስደግፎ ቆመ።

ስጦታ ግን ፊቷ በርቶ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና መቀሱንና ጠርሙሱን ከሌላው ለይታ እናቷ ፊት አደረገቻቸው። መቀሱ አስመራ ነው፣ ጠርሙሱ ጸበሉ ነው፤ የፈለግሽውን አንሺ አለቻት። ይህን ስትል መቀሱን በጣቷ ወደ እናቷ ትንሽ ገፋ አደረገችው።

ውቢት ሁለቱን አየቻቸው። እስካሁን በልቧ የነበረው እምቢ ብቻ ነው። ጋኑን አትንኩ፣ አትያዙኝ፣ አታጉርሱኝ፤ እነዚህን ሁሉ አጥርታ ታውቃቸዋለች። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። አሁን ሦስት ሰዎች እጇን እያዩ ሲጠብቁ ባዶ ሆነባት። ቢላዋው ያስፈራታል፤ ግን ቃሎቿን ሊመልስላት ይችላል። ጸበሉን ታምንበታለች፤ እናቷም ድናበታለች፤ ግን ከጸበሉ በኋላ የሚመጣው የወንድሟ ቤት ማዕዘን አለ። ቃላት የሌላት ሴት ደግሞ ጸበሉን ከማዕዘኑ እንዴት ትለያለች? እጇን ወደ መቀሱ ላከችና መለሰቻት። ወደ ጠርሙሱ ላከችና መለሰቻት። በመጨረሻ መቀሱን በጣቷ ከፊቷ አራቀችው። ጠርሙሱንም አራቀችው። አልጣለቻቸውም፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው።

«አስመራንም?» አለች ስጦታ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው።»

አሻግሬ ከግድግዳው ሳይዞር፣ ታዲያ ምን ልሁን ነው የምትለው ብሎ አጉተመተመ።

ተክለ ማርያም አገጩን እያሻሸ ነገሮቹ የቆሙበትን ስፍራ አየ። «ምናልባት» አለ፣ «ገና አልቆረጥሁም፣ ጊዜ ስጡኝ እያሉ ይሆናል።»

«እሺ» አለች ውቢት።

ከወደቀች ጀምሮ ያሰበችውና የተናገረችው አንድ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው። ራሷም ደንግጣ አዳመጠችው። እንባዋ ሳታስበው ወረደ።

ድሬሰሩ ቁስሉን አሠረላትና ለሦስቱም ተናገረ። ቁስሉ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ አይነካውም አለ። የአስመራውን ነገር ዕለቱን የሚያጣድፍ ምክንያት አላየበትም፤ በወሩ ጎንደር ሲመለሱ የላካቸውን ሐኪም እንዲጠይቁት መከረ። ቀኝ እጇን ግን ሥራ ሳያስፈቱ እያሹ፣ ጨርቅ እያስጨመቁ፣ የምትችለውን ራሷ እንድትሠራ ይተዉላት። ሲጠይቋትም አንድ በአንድ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ዕቃ እያሳዩ ይጠይቋት። ይህን ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ከቀትር በኋላ ሦስቱም መንገድ ዳር ቆሙ። የአሻግሬ ቤት በእግር ወደ ምሥራቅ ነው። ከጎንደር የሚመጣው አውቶብስ ደግሞ ደባርቅ አድሮ ነገ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አስመራ ይቀጥላል። አሻግሬ ከጤና ጣቢያው ከወጡ ወዲህ እንደ ልማዱ ክንዷን አልያዘም። አውቶብሱ አቧራውን እያጨሰ መጥቶ ሲቆም ውቢት ግራ እጇን በበሩ ብረት ላይ አደረገችና ወጣች። ቀኝ እግሯ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ስጦታ ልትደግፋት እጇን ዘርግታ ተወችው። ውቢት ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ዳር ላይ ተቀመጠች። ስጦታ በእናቷ ጉልበት ፊት አልፋ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ መካከሉ ባዶ ቀረ። አሻግሬ በሩ አጠገብ፣ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ቆመ።

የአውቶብሱ ረዳት ትኬቱን ይዞ መጣና እስከ የት እንደሚቆርጥላቸው ጠየቀ።

ስጦታ ወደ እናቷ ዞረች። ልቧ ከአስመራ ገና አልተነሣም። «እማዬ፣ አስመራ ልበለው?»

ቃሉ እንደ ሁልጊዜው ተነሣ። ከጉሮሮዋ ወደ ምላሷ ሲመጣ ውቢት ተሰማት። ጥርሷን ገጠመች። ከንፈሯን ገጠመች። እሺ ከውስጥ እንደ ተዘጋበት ከብት ገፋ ገፋ አደረጋት፤ የአንገቷ ደም ሥር ተገታተረ። ዋጠችው። ረዳቱ ትኬቱን እያገላበጠ ጠበቀ። ስጦታም ጠበቀች።

«ደባርቅ ነው?» አለች ስጦታ ቆይታ፣ በቀስታ።

ውቢት ወዲያው አልመለሰችም። መጀመሪያ ራሷን ጠየቀች። ደባርቅ። ቤቷ። የተቆለፈው በር። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«እሺ።»

ስጦታ አፍጥጣ አየቻት። ልታረጋግጥ ፈለገችና ገልብጣ ጠየቀቻት። «አስመራስ? አሁን?» ውቢት ከንፈሯን ገጥማ ዝም አለች። ልጅቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ረዳቱን «ደባርቅ» አለችው።

«ለስንት ሰው?» አለ ረዳቱ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው እያየ።

አሻግሬ ራሱን ነቀነቀና ለመውረድ ቃጣ። ከዚያ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ እኅቱን ሲያዝ እንጂ ሲጠይቅ የማያውቅ ሰው ነውና ቃሉ ከበደው።

«እቴ» አላት፣ «እኔስ? ልምጣ?»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ውቢት ወንድሟን አየችው፤ የተላጠ ትከሻውን፣ እሑድ ዕለት ያን ነገር የተናገረ አፉን። እሺ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አላወጣችውም፤ ዝምታውንም እንዲሁ ልትተውለት አልወደደችም። ጥቂት አስጠበቀችው። ከዚያም ደህና እጇን ወንበሩ ላይ ተክላ ደካማውን ጎኗን እየጎተተች ወደ መካከሉ ጠጋ አለችና በዳር በኩል ቦታ ለቀቀችለት።